የኦይ አሸዋ

ጃፓኖች የዘመን አቆጣጠራቸውን ከአውሮፓውያን ጋር አንድ ካደረጉበት ከ1873 ወዲህ ዓመታቸው የሚለወጠው በጃንዋሪ መባቻ ቢሆንም፣ አሮጌውን ዓመት የሚሸኙበት ሥርዓት ግን ፈጽሞ የራሳቸው ሆኖ ኖሯል። ዲሴምበር 28 ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መዝገባቸውን አጥፈው ይዘጋሉ፤ ባለቤት የሆነ ሁሉ ቤቱን ከጣራ እስከ ወለል ጠርጎና ወልውሎ፣ ዕዳ ያለበትም ዕዳውን ከፍሎ፣ ዓመቱን ያለ ቀሪ ሒሳብ ለማሰናበት ይጣደፋል። በማግሥቱ፣ በ29ኛው ቀን፣ በቶኪዮ ከተማ ደቡባዊ ወገን በባሕረ ሰላጤው ዳር በሚገኘው በኦይ ሜዳ ላይ ቶኪዮ ዳይሾተን የሚባለው ታላቅ የፈረስ እሽቅድምድም ይደረጋል፤ ለብዙ የከተማው ሰው፣ ይልቁንም ድካሙ ብዙ ደስታው ጥቂት ለሆነው ሠራተኛ፣ ዓመቱ አለቀ የሚባለው ይህ ሩጫ ከተሮጠ በኋላ ነው። እኔም በ2024፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በዋለው እሑድ፣ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅዬ ወደ ኦይ ወረድኩ። በዚህ ማስታወሻ ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት፣ የእኛ መሆኑን ካላመለከትኩ በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ሜዳው የሚያደርሰው፣ ከሐማማትሱቾ ጣቢያ ተነሥቶ በአንዲት ወፍራም ሐዲድ ላይ በቦዮችና በመጋዘኖች አናት እየከነፈ እስከ ሐኔዳ የአውሮፕላን ማረፊያ የሚዘልቀው ባቡር ነው። ይህ ባቡር ሥራውን የጀመረው በሴፕቴምበር 1964፣ በሚቀጥለው ወር ለሚከፈተው የኦሊምፒክ ጨዋታ የሚመጡትን እንግዶች እንዲያመላልስ ታስቦ ነበር፤ ኢትዮጵያዊ መንገደኛም ይህን ሰምቶ በዝምታ ለማለፍ አይቻለውም፤ አበበ ቢቂላ የማራቶንን አክሊል ለሁለተኛ ጊዜ የተቀዳጀው በዚያው ኦሊምፒክ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበርና። የኦይም ታላቅ ሩጫ የዛሬ ስሙን ያገኘው በዚያው በ1964 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከተመሠረተበት ከ1955 ጀምሮ፣ «የመፀው ኮርቻ» እየተባለ ይጠራ ነበር። ለእኔ የቀድሞው ስም ይበልጥ ያማረ ነው፤ ሆኖም ቶኪዮ ከአመድ ተነሥታ በዓለም ፊት በቆመችበት ዓመት ለሜዳዋ ሩጫ የራሷን ስም መስጠቷ ተገቢ ሆኖ ይታየኛል።

ከአመድ ተነሥታ ማለቴ ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም። በማርች 1945 በአንዲት ሌሊት ከአሜሪካ አውሮፕላኖች በዘነበው እሳት መቶ ሺህ ያህል ነፍስ የጠፋባት፣ የእንጨት ቤቶቿ እስከ አድማስ ድረስ የነደዱባት ከተማ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ትምህርት ቤት የምትሠራበት፣ ድልድይ የምትጠግንበት ገንዘብ አልነበራትም። በ1948 የወጣው የፈረስ እሽቅድምድም ሕግ ለየአውራጃውና ለየከተማው አስተዳደር በግዛቱ ውስጥ እሽቅድምድም እያደረገ ከውርርዱ የሚተርፈውን ለሕዝብ ጥቅም እንዲያውል መንገድ ከፈተለት፤ በዚያ መሠረት የኦይ ሜዳ በ1950 ተከፈተ፤ ዛሬም የሚያስተዳድሩት ሃያ ሦስቱ የቶኪዮ ወረዳዎች በማኅበር ሆነው ነው። እኔ ውርርድን የማመሰግን ሰው አይደለሁም፤ የልጆቹን እንጀራ በፈረስ እግር ላይ አስይዞ ባዶ እጁን የሚመለስ አባት በየአገሩ ስለማይታጣ፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ቁማርን ስትነቅፍ በከንቱ እንዳልነቀፈች አምናለሁ። ነገር ግን የተቃጠለች ከተማ ልጆቿን ለማስተማር የፈረስ ጉልበት እንዳስፈለጋት ሳስብ፣ በዚያ ሜዳ ላይ ለመፍረድ አንደበቴን አልከፍትም።

በጃፓን የፈረስ እሽቅድምድም ሁለት መንግሥት አለው። አንደኛው በ1954 የተቋቋመው ማዕከላዊው ድርጅት የሚያዝዝበት ነው፤ ደርቢው፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫ፣ በገና ሰሞን የሚሮጠው የአሪማ መታሰቢያ፣ እነዚህ ሁሉ የዚህ መንግሥት በዓላት ሲሆኑ የሚሮጡትም በሣር ላይ ነው። ሁለተኛው የአውራጃዎቹ ነው፤ ከአንድ ስፍራ በቀር ሜዳው ሁሉ አሸዋ ነው፤ ሽልማቱ ያነሰ፣ ፈረሱም በአመዛኙ በዋጋ የረከሰ፣ ማዕከሉ ሳይመርጠው የቀረ ወይም ሞክሮ የሰደደው ነው። ስለዚህም ለብዙ ዘመን ሣር የመኳንንት፣ አሸዋ የተርታው ሕዝብ ሆነው ይቆጠሩ ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ጃፓን የሰማነውና ያነበብነው፣ ከከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» አንሥቶ፣ ስለ ፋብሪካዋ፣ ስለ ትምህርቷና ስለ ጦር ሠራዊቷ ነበር፤ እኔ ግን ይህች አገር ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን እንዴት እንደምትለይ፣ ዝቅ ያለውም እንዴት ራሱን ቀና እንደሚያደርግ ከኦይ አሸዋ ይልቅ አጉልቶ ያሳየኝ ስፍራ አላገኘሁም።

ስለ አሸዋው ጥቂት ልናገር። የኦይ ሜዳ አሸዋ በ2023 ተለውጦ ከአውስትራሊያ በመጣ ነጭ አሸዋ ስለተተካ፣ ከሩቅ ሲያዩት በክረምቱ ፀሐይ ዓይን ያጭበረብራል፤ በ1986 በአገሩ ሁሉ የመጀመሪያው ሆኖ የተጀመረው የሌሊት እሽቅድምድም በመብራት ሲደረግበትማ ይበልጥ እንደሚያበራ አያጠራጥርም። ሣር ሰኮናን በገርነት ይቀበላል፤ አሸዋ ግን እግርን ይይዛል፤ ስለዚህ በአሸዋ ላይ የሚያሸንፈው ፈረስ ከመፍጠን በላይ መጽናት ያለበት፣ ደረቱ የሰፋ፣ ክንዱ የበረታ መሆን ይገባዋል። ከፊት የሚሮጡት ፈረሶች ሰኮና የሚበትነው አሸዋ በኋለኛው ፊት ላይ እንደ በረዶ ይወርዳል፤ አንዳንዱ ፈረስ ይህን ከመታገሥ መሮጡን ይተዋል፤ አንዳንዱ ግን ዓይኑን ጨፈን፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ በዚያ ውስጥ ያልፋል። ዝናብ ሲጥል ሜዳው የሚከብድ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ የራሰው አሸዋ ስለሚጠብቅ ሩጫው ይፈጥናል።

የኦይን ሰዎች ስለ ቀድሞው ዘመን ቢጠይቋቸው ሳይውሉ ሳያድሩ የሚያነሡት ስም ሐይሴይኮ ነው። ይህ ዳማ ፈረስ በ1972 በዚህ አሸዋ ላይ ስድስት ጊዜ ተወዳድሮ ስድስቱንም አሸነፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት መግቢያ ወደ ማዕከሉ ተዛውሮ፣ በሣር ላይ ያደጉትን፣ የዘር ሐረጋቸው የተመዘገበላቸውን ፈረሶች ገጥሞ እየረታ በጸደይ ወራት ሳትሱኪ ሾ የሚባለውን ታላቅ ሩጫ ወሰደ። ያን ጊዜ የጃፓን ጎልማሳ ሁሉ ከገጠር ወደ ከተማ የሚፈስበት፣ ከየመንደሩ የመጣው የእርሻ ልጅ በፋብሪካና በግንባታ ሥራ ላይ እየባከነ፣ የከተማውም ትምክህተኛ በአነጋገሩ የሚስቅበት ዘመን ነበር፤ እነዚያም ስደተኞች ከዝቅተኛው ሜዳ ወጥቶ በመኳንንቱ ጉባኤ መካከል የቆመውን ይህን ፈረስ እንደ ራሳቸው ቈጠሩት። ደርቢው በደረሰ ጊዜ አገሩ ሁሉ ያሸንፋል ብሎ ሲጠብቅ ሦስተኛ ወጣ። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ፍቅሩ በዚያ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከሽንፈቱ ወዲህ ጨመረ። ሕፃናት አድራሻ ሳያውቁ «ቶኪዮ፣ ለሐይሴይኮ» ብለው የጻፉለት ደብዳቤ በፖስታ ይደርሰው እንደ ነበር ይነገራል፤ ሩጫውን ሲያቆምም ይጋልበው የነበረው ሰው የዘፈነለት የስንብት ዘፈን በ1975 በአገሩ ሁሉ ተሰማ።

ከእርሱ በኋላ ኢናሪ ዋን መጣ። በ1988፣ ሩጫው ገና 3,000 ሜትር በነበረበት ጊዜ፣ ይህንኑ ዳይሾተን ካሸነፈ በኋላ ወደ ማዕከሉ ተሻግሮ በሚከተለው ዓመት የጸደዩን የንጉሠ ነገሥት ዋንጫ፣ የታካራዙካንና የአሪማን መታሰቢያ ሦስቱንም ወሰደ። እንግዲህ እስከዚያ ድረስ ጉዞው ከታች ወደ ላይ ነበር፤ ታላቅ የሆነው ከአሸዋው ወጥቶ ይሄዳል። ከ1995 ጀምሮ ግን በሩ ከላይ ወደ ታች ተከፈተ፤ የማዕከሉ ፈረሶች ወርደው በኦይ ዳይሾተን እንዲወዳደሩ ተፈቀደላቸው፤ በ1998 ርቀቱ ወደ 2,000 ሜትር አጠረ፤ በ2011 ደግሞ ሩጫው በዓለም አቀፍ ደረጃ ከአንደኛው መዓርግ ተመደበ፤ ከአውራጃዎቹ ሩጫዎች መካከል ይህን መዓርግ ቀድሞ ያገኘ አልነበረም። ክብሩ ከፍ አለ፤ ባለቤትነቱ ግን እጅ ለወጠ። ስማርት ፋልከን፣ ሆኮ ታሩማይ፣ አራት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈው ግራጫው ኦሜጋ ፐርፊዩም፣ ሁሉም የማዕከሉ ፈረሶች ናቸው። እኔ እስከ ሄድኩባት ዕለት ድረስ ዳይሾተንን ያሸነፈ የመጨረሻው የአውራጃ ፈረስ የፉናባሺው አጁዲ ሚትሱኦ ነበር፤ ይኸውም በ2004ና በ2005 ነው።

በዚያው ዘመን በየአውራጃው ያሉት ትናንሽ ሜዳዎች እየተዘጉ ሄዱ፤ ናካትሱ በ2001፣ ማሱዳ በ2002፣ አሺካጋ በ2003፣ ከዚያም ታካሳኪ፣ ኡትሱኖሚያ፣ አራኦ፣ ፉኩያማ። አንድ ሜዳ ሲዘጋ የሚበተነው ፈረሱ ብቻ አይደለም፤ ጋላቢው፣ ጋጣ ጠራጊው፣ ሰኮና የሚከረክመው ባለ እጅ፣ በበሩ ላይ ወጥ የምትሸጠው ሴት ሁሉ አብረው ይበተናሉ። ይህን የማነሣው ኦይ በሕይወት መቆየቱ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አንባቢ እንዲያስተውልልኝ ነው።

በዕለቱ የመግቢያው ዋጋ መቶ የን ብቻ ስለሆነ ድኻና ሀብታም አይለይም። ሽማግሌዎች ስለ ፈረሶቹ የሚተነትነውን ጋዜጣ አራት አጥፈው በቀይ እርሳስ እያሰመሩበት፣ ቄስ ድጓ በሚመለከትበት ትኩረት ይመለከቱታል። ወጣት ባልና ሚስት ሕፃን አዝለው ይመጣሉ። ከበሩ ገባ ብሎ በትላልቅ ድስት የሚንተከተክ የሆድ ዕቃ ወጥ ይሸጣል፤ በፈረስ ሜዳ የዚህን ወጥ ሳይቀምስ የሚመለስ ጃፓናዊ ጥቂት ነው ይባላል፤ ለእኔ ጾመ ነቢያት ስለ ነበር በመዓዛው ብቻ ተሰናብቼ ትኩስ ሻይ ይዤ አለፍኩ።

ፈረሶቹ ከሩጫው በፊት የሚዞሩበት ክብ ስፍራ አለ፤ እዚያ ቆሞ የማየት ትዕግሥት ያለው ሰው ከሩጫው ራሱ የሚበልጥ ደስታ ያገኛል። ጠጉራቸው እንደ መስተዋት የተወለወለ፣ ጋማቸው የተጎነጎነ፣ ሳቢዎቻቸው በግራና በቀኝ ይዘዋቸው በዝግታ ይራመዳሉ፤ ሕዝቡም ፈረሶቹን እንዳያስደነግጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነጋገራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተማርኩ። የማዕከሉ ጋላቢ የሚለብሰው ልብስ ቀለሙ የፈረሱ ባለቤት ምልክት ነው፤ የአውራጃው ጋላቢ ግን ቀለሙ የራሱ ነው፤ የማንንም ፈረስ ቢቀመጥ፣ ከወጣትነቱ እስከ ሽምግልናው የሚታወቀው በዚያው ልብስ ነው። የፈረሶቹም ስም እንዲሁ ባለቤቱን ይናገራል፤ በዕለቱ ከተሰለፉት መካከል ዊልሰን ቴሶሮ የሚባለው፣ ካለፉት ሁለት ዓመታት ድል አድራጊ ከኡሽባ ቴሶሮ ጋር ጌታው አንድ ስለሆነ የስሙ ቅጥያ አንድ ነው። በእኛ አገር ጌታው በፈረሱ ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እየተባለ ሲጠራ፣ በዚያ አገር ፈረሱ የጌታውን ምልክት ተሸክሞ ይሮጣል።

ስለ ጋላቢዎች ካነሣሁ የማቶባ ፉሚኦን ስም ሳልጠራ ማለፍ በደል ይሆንብኛል። ይህ ሰው በ1973 በኦይ መጋለብ ጀምሮ ከ7,400 በላይ ሩጫ አሸንፏል፤ በአውራጃዎቹ መዝገብ ከእርሱ የሚበልጥ የለም፤ ሕዝቡም የኦይ ንጉሠ ነገሥት ይለዋል። ነገር ግን በገዛ ሜዳው የሚደረገውን የቶኪዮ ደርቢ አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፈም፤ ዐሥር ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። ዐሥር ጊዜ! አንድ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ወደ አንድ በር ቀርቦ በሩ ሲዘጋበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኮርቻ አስሮ መምጣቱን ከጽናት ሌላ ምን ስም እንደምሰጠው አላውቅም። በማርች 2025፣ በስድሳ ስምንት ዓመቱ፣ ልጓሙን አኖረ።

በብዙ የጃፓን የፈረስ ሜዳዎች ዘንድ፣ ከሕዝቡ ጩኸት ራቅ ባለ ስፍራ፣ በራሱ ላይ የፈረስ ራስ የተቀረጸበት የባቶ ካንኖን ሐውልት ይቆማል፤ የቡድሃ እምነት ተከታዮች የእንስሳት፣ ይልቁንም የፈረሶች ጠባቂ ነው ይሉታል፤ በሩጫ ላይ የወደቁትን ለማሰብ አበባና ካሮት ያኖሩለታል። በየዓመቱ በዚያ አገር ከሰባት ሺህ በላይ የእሽቅድምድም ፈረስ ውርንጭላዎች ይወለዳሉ፤ አብዛኞቹም በሰሜኑ ደሴት በሆካይዶ፣ በሂዳካ የግጦሽ ሜዳ ነው። ከእነዚህ መካከል ለዘር የሚቀሩት፣ ወይም የመጋለቢያ ትምህርት ቤት ገብተው በሰላም የሚያረጁት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ብዙዎች መጨረሻቸው ቄራ ነው። ሰው ለደስታው የወለደውን፣ በስሙ የጠራውን፣ ላቡን ያፈሰሰለትን ፍጥረት ከዚያ በኋላ ሊረሳው መብት ያለው አይመስለኝም። በጃፓን ይህን ዕዳ ለመክፈል፣ ጡረታ ለወጡ ፈረሶች መኖሪያ ለማዘጋጀት የሚደክሙ ሰዎች እየበረከቱ መሄዳቸውን ሰምቻለሁ፤ የአበባውና የካሮቱ ነገር መልካም ነው፤ የሕይወት ዘመናቸውን መንከባከብ ግን ይበልጣል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲያልፍ መለከቱ ተነፋ፤ ሕዝቡም የታጠፈ ጋዜጣውን በመዳፉ እየመታ ከመለከቱ ጋር አጨበጨበ። ደጆቹ በአንድነት ሲከፈቱ ፈረሶቹ በሕዝቡ ፊት አልፈው ወደ ቀኝ ታጠፉ፤ ከዚያ በኋላ በሩቁ ወገን፣ ከባሕሩ አቅጣጫ በኩል፣ ትንንሽ ሆነው እስኪታዩ ድረስ ሄዱ፤ የሰኮናቸውም ድምፅ ጠፍቶ የተናጋሪው ድምፅ ብቻ ቀረ። ሁሉም የሚመለከተው ፎርኤቨር ያንግ የሚባለውን የሦስት ዓመት ፈረስ ነበር፤ በዚያው ዓመት በሳዑዲ ዓረቢያና በዱባይ ድል አድርጎ፣ በአሜሪካ በኬንታኪ ደርቢ በአፍንጫ ያህል ተቀድሞ ሦስተኛ ወጥቶ፣ በመከር ወራት በብሪደርስ ካፕ ክላሲክም ሦስተኛ ሆኖ፣ ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ ነው። ከመሪዎቹ አጠገብ ተከትሎ በመጨረሻው መታጠፊያ ሲቀርብ፣ 386 ሜትር የሆነው ቀጥተኛ መንገድ በፊቱ ሲከፈት፣ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ፤ እኔም ያልተወራረድኩት ሰው ሳልታዘዝ ተነሣሁ። መሪነቱን ያዘ፤ ዊልሰን ቴሶሮ ከኋላው አጥብቆ ተከተለው፤ ደረሰበት ሊባል ሲል ፎርኤቨር ያንግ እንደገና ገሠገሠ፤ መስመሩንም ቀድሞ አለፈ። የአንደኛው ሽልማት 100 ሚሊዮን የን ነበር።

ከሥፍራው ርቄ ሳስበው ግን ልቤን የያዘው ሽልማቱ አይደለም። የፈረሱ አሠልጣኝ ያሃጊ ዮሺቶ ዛሬ በማዕከሉ ከታላላቆቹ አንዱ ይሁን እንጂ፣ አባቱ በዚህ በኦይ የፈረስ አሠልጣኝ ነበር፤ የጋላቢው የሳካይ ሪዩሴይም አባት በኦይ ሲጋልብ ኖሮ በኋላ እዚያው አሠልጣኝ ሆኗል። የማዕከሉን ቀለም ለብሰው ወረዱ እንጂ ሁለቱም የዚህ አሸዋ ልጆች ናቸው። ይህን ያጫወቱኝ በአጥሩ አጠገብ ቆመው ያገኘኋቸው አዛውንት ነበሩ፤ ከአውራጃው ፈረሶች በአንዱ ተወራርደው የተሸነፉ ቢሆኑም፣ ስለ አባቶቹ ሲያወሩኝ የጎረቤታቸው ልጅ የተመረቀ ያህል ፊታቸው በርቶ ነበር።

ያ ፈረስ ከዚያ በኋላ የሄደበት መንገድ ዓለም ያወቀው ነው፤ በፌብሩዋሪ 2025 በሪያድ የሳዑዲን ዋንጫ፣ በኖቬምበር መጀመሪያ ደግሞ በካሊፎርኒያ በዴል ማር ሜዳ ብሪደርስ ካፕ ክላሲክን አሸነፈ። አሜሪካኖች በገዛ መሬታቸው ከታላላቆቹ አንዱ አድርገው የሚያከብሩትን ያን ሩጫ በጃፓን የሠለጠነ ፈረስ ሲወስድ ያ የመጀመሪያው ነው። ለዘመናት የሁለተኛነት ምልክት ሆኖ የኖረው አሸዋ ነው ለዚህ ያበቃቸው፤ በሣር ላይ ያደገው ፈረሳቸው ይህን ድል ሊያመጣላቸው ባልቻለም ነበር።

በኦይ ግን በዚያ ምሽት ይህ ሁሉ ገና አልሆነም ነበር። ታላቁ ሩጫ ካለፈ በኋላ የሕዝቡ እኩሌታ ወደ ባቡሩ ሲጎርፍ፣ እኩሌታው በቦታው ቀረ፤ የኦይ እሽቅድምድም እስከ 31ኛው ቀን ይቀጥላልና። አዛውንቱም የዕለቱን ጋዜጣ ከሌሎቹ ጋር በመጣያው ውስጥ ጥለው የማግሥቱን ገዙ፤ በዓመቱ መጨረሻ ቀን ስለሚሮጡት የሁለት ዓመት እንስት ፈረሶች አንዱን ወዳጃቸውን ይዘው ይከራከሩ ጀመር፤ አንደኛዋ የአባቷ ዘር ለአሸዋ አይሆንም ይላሉ፣ ወዳጃቸው ደግሞ እናቷን አይቻለሁ ይሆናል ይላል፤ እኔ ተሰናብቼ ስሄድ ገና አልተስማሙም ነበር።